የቲቸር ዘሃራ መቶ ከመቶ

ደክሞኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰበብ ፍለጋ አይደለም ልል ነበር፤ ግን ትንሽ ሰበብም አለበት። ውሸት ያመጣብኝን ጣጣ ልነግራችሁ ተነስቼ ገና ከመጀመሪያው መስመር ብዋሽ ደግ አይሆንም።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ፤ ያኔም እዚያው ነበርኩ። የአይሲቲ መምህር ማለት በእኛ ቤት ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያኝክ የሚጠራ፣ ማይክራፎኑ ሲያፏጭ የሚጠራ፣ የአንዷ መምህርት ስልክ «ቦታ የለኝም» ሲላት የሚጠራ ሰው ነው። በመሀል ጊዜ ከተረፈው ያስተምራል። ጠዋት ከሰፈሬ ከአቦከር ስወጣ ከሚስቴ ጋር የምንነጋገረው ስለ ውሃ ነው፤ ስመለስም ስለ ውሃ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሰዎች ግን «ጡረታ መቼ ነው?» ይሉኝ ጀምረው ነበር።

ስልጠናው የመጣው በዚህ ድካሜ ላይ ነው። «መጣ» ስላችሁ እንዲያው ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ለየትምህርት ቤቱ ታድሎ ነበር፤ የሚያስተምርበት መምህር ግን አልሰለጠነም። ዕቃ የሚሰጥ ሞልቷል፤ ሰው ለማሰልጠን ገንዘብ የሚያወጣ ግን ጥቂት ነው። ዕቃ ፎቶ ሲነሳ ያምራላ! ገንዘብ ለሚሰጡ ድርጅቶች ማመልከቻ ጻፍኩ፤ መለሱብኝ፤ አስተካክዬ ላክሁ፤ ደግመው መለሱብኝ። ሁለት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ለሁለት ዙር ገንዘብ ሊሰጥ ተስማማ። የመጀመሪያው ዙር ለሃያ አራት የከተማ መምህራን ነው፤ ሁለተኛው ለድሬ ጠያራ ገጠር መምህራን።

ሁለተኛው ዙር ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረበት። በመጀመሪያው ዙር የሚሰለጥኑት ሃያ አራቱም፣ አንድ ሳይቀር፣ በአራተኛው ቀን ሐሙስ እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የኢንተርኔቱን ፈተና በየስማቸው ጨርሰው መላክ አለባቸው። ውጤታቸው ዝቅ ቢል ግድ የለም፤ ብቻ ራሳቸው ይሥሩት።

«አንድ ሰው ቢጎድልስ?» ብዬ በስልክ ጠይቄ ነበር።

«ሁሉም» የሚል ነው የተመለሰልኝ።

ይህን ሁለተኛ ዙር ከማንም በላይ የሚጠብቀው ጅብሪል ነበር። ጅብሪል የድሬ ጠያራ መምህር ነው፤ ለቢሮ ጉዳይ ከተማ በወጣ ቁጥር ሳያየኝ አይመለስም። የእነሱ ትምህርት ቤት ስምንት ላፕቶፕ ተሰጥቶት ከነካርቶኑ ቆልፎ አስቀምጦታል። «እንዳናበላሸው ፈርተን ነው» ብሎኛል አንድ ቀን፣ እያፈረ። «ልጆቹ በመስኮት ካርቶኑን ያያሉ። ‹ቲቸር፣ ውስጡ ምን አለ?› ይሉኛል። ወላሂ እኔም አላውቀውም።» በመጣ ቁጥር ጥያቄው ያው ነው፤ «የኛ ተራ መቼ ነው?»

አሁን ወደ ቲቸር ዘሃራ ልምጣ።

ቲቸር ዘሃራ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። የጀጎልን ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። ከሃያ አራቱ ሰልጣኞች ስምንቱ፣ አሰልጣኙን እኔን ሲጨምር ዘጠኛችን፣ የእሳቸው ተማሪዎች ነን። ወደ ክፍል ሲገቡ ሁላችንም ብድግ እንላለን፤ እሳቸው ሳይቀመጡ የሚቀመጥ የለም። ሰው በመንገድ ሲያገኛቸው እጃቸውን ይስማል፤ ባጃጅ ሰልፍ ላይ ከፊት ያስቀድማቸዋል።

ኮምፒውተር ላይ ግን ይዘገያሉ። የሚጽፉትን ፊደል በጣታቸው ይፈልጋሉ፤ ካገኙትም በኋላ እሱ መሆኑን አረጋግጠው ነው የሚጫኑት። ማውሱን ሲይዙ ቀስቷ ከስክሪኑ ጠርዝ ታመልጥባቸዋለች። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አያለሁ። አንድ ደቂቃ እታገሣለሁ፤ ከዚያ፣

«ቆይ ቲቸር፣ እኔ ልርዳዎት» እልና ማውሱን ከእጃቸው እወስዳለሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። «ይኸው!»

«ማሻአላህ፣ ፈጣን ነህ» ይሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ።

ሰኞ እንዲህ ሆነ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም። «ማሻአላህ»ዋን እንደ ሙገሳ ነበር የምቀበላት። እጃቸው ጭናቸው ላይ ማረፉን አይቻለሁ፤ ልብ አላልኩትም።

ሐሙስ ፈተናው ሊጀመር ሲል ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዘጠኝ ተኩል ላይ መጣ። በዚያች ጊዜ ውስጥ ስንት ቦታ እንደደወልኩ፣ ስንት ሰው እንደተቆጣሁ አልነግራችሁም። መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ አልጋ ላይ እንዳለ በሽተኛ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይተኛል። ቢሆንም መምህራኑ አንድ በአንድ እየጨረሱ ወጡ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሃያ ሦስቱ ልከዋል። ቲቸር ዘሃራ ሶላታቸውን ሰግደው ተመልሰው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ናቸው። ጥያቄው በሙሉ ሃያ ነው። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ያነቡታል።

አጠገባቸው ቆሜ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ጅብሪል ይታየኛል። ካርቶኑ ይታየኛል። «ቲቸር፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ» ማለት እፈልጋለሁ፤ ምላሴ ግን አልታዘዝ አለኝ።

ይኼኔ ስልካቸው ጮኸ። የጎረቤታቸው ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። «ዘሃራ! ውሃ መጣ! ቶሎ ነይ!»

ሐረር የኖራችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለማታውቁት፣ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ተራችሁ ያለፈ እንደሆነ እስከሚቀጥለው ከጄሪካን ጋር መንከራተት ነው። ቲቸር ዘሃራ ቤት በርሜሉን የሚሞላ ሌላ ሰው የለም። ተነሱ፤ ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

«ታምራት፣ ልሂድ። ነገ ጠዋት መጥቼ እጨርሰዋለሁ ኢንሻአላህ። ይቻላል አይደል?»

ጥያቄ ነበር። ቀጥተኛ ጥያቄ። «አይቻልም ቲቸር፣ እስከ አሥራ አንድ ብቻ ነው» ብላቸው ኖሮ ይቀመጡ ነበር። በርሜሉም ይቅር ይሉ ነበር። ወይም ጎረቤቲቱን ይለምኑ ነበር። ግን እኛ ሰፈር ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለ፤ ሰው የማይገድል፣ ሥራ የሚገድል። «አይቻልም» የሚል ቃል ለቲቸር ዘሃራ ወጥቶኝ አያውቅም።

«ይቻላል ቲቸር፣ ምን ችግር አለ!» አልኳቸው።

«አላህ ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የሁሉም ሰልጣኝ ፓስዎርድ አንድ ነው፤ እንዳይረሱት ብዬ እኔው ነኝ ያወጣሁላቸው። ይህም ሌላው ጥፋቴ ነው፤ ስለ ፓስዎርድ ጥንቃቄ ማክሰኞ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምሬ ነበር። በቲቸር ዘሃራ ስም ገባሁ። አሥራ ሰባቱን ጥያቄ በስድስት ደቂቃ ጨርሼ ላክሁት። ሃያ አራት ሞላ። ጅብሪል ጋ ደወልኩና «ነገ ጠዋት ና፤ የስልጠናው መዝጊያ ስብሰባ ላይ ያበስሩሃል» አልኩት። ደስታው ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ። የደከመ ሰው ውሸት እንኳ በወጉ አይችልም። ቢያንስ ሦስት አራት ጥያቄ መሳት ነበረብኝ።

ዓርብ ጠዋት ከድርጅቱ አቶ ሰናይ መጣ። ገምጋሚ ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ስለሚያንስ አንቱታውን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ የሚናገረውን የሚያስብ ሰው ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ጅብሪል ሌላ የድሬ ጠያራ መምህር አስከትሎ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱም የበዓል ኮታቸውን ለብሰዋል። ቲቸር ዘሃራ ጠዋት ገና ሲገቡ «ታምራት፣ ፈተናዬን ልጨርስ» ብለውኝ ነበር፤ «በኋላ ቲቸር፣ ከስብሰባው በኋላ» ብዬ አሳለፍኳቸው።

አቶ ሰናይ ተነሳና «ሃያ አራታችሁም ጨርሳችሁ ልካችኋል» አለ። ተጨበጨበ። ጅብሪል ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያጨበጭበው። «ሁሉንም ሥራ አይቻለሁ። ግን አንዲት መምህርት በጣም አስደነቁኝ። ሃያውንም ጥያቄ አግኝተዋል። ደግሞ የሚገርመው፣ በዕድሜ ከሁላችሁም ይበልጣሉ።»

አንድም ጥያቄ አለመሳቴ ያኔ ትዝ አለኝ።

«መምህርት ዘሃራ! እባክዎ ወደ መድረክ ይምጡ። ለአሥር ደቂቃ ያህል በላፕቶፑና በፕሮጀክተሩ አንድ ትንሽ ትምህርት ቢያሳዩን።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው እልል አሉ። ቲቸር ዘሃራ ዙሪያቸውን አዩ፤ ሌላ ዘሃራ ያለች መስሏቸው እንደሆነ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ቲቸር ተነሱና በዝግታ ወደ ፊት ሄዱ። በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ስማቸውና ውጤታቸው ይታያል። እንደልማዳቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ።

አቶ ሰናይ ሳቅ አለ። «ትሕትናዎ ነው።»

«ትሕትና አይደለም ልጄ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሳለሁ ውሃ መጣ። ሄድኩ።»

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

«ታዲያ ማን ሠራው?» አለ አቶ ሰናይ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«ተማሪዬ ነው የሚሆነው። እኔ ስሙን አልጠራም። እሱ ያውቃል።»

ወደ እኔ አላዩም። በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ነው ያዩት። ስምንቱ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ልጅ ሳለን አንድ ሰው አጥፍቶ ሁላችን በጥርጣሬ የምንቀመጥበት ሰዓት ነበር፤ ያው ሰዓት ተመልሶ መጣ።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ዝም ብል ምናልባት አቶ ሰናይ «የሲስተም ስህተት ነው» ብሎ ያልፈው ይሆናል። ከተነሳሁ ግን የጅብሪልን ዙር በገዛ እጄ መቅበሬ ነው። ሁለት ዓመት የለመንኩትን። ካርቶኑን በመስኮት የሚያዩትን ልጆች። «ዝም በል፤ ለእነሱ ስትል ዝም በል» አለኝ ውስጤ፤ ውሸት ምንጊዜም ለሌላ ሰው ሲል ነው የሚመጣው። ቀና ስል ቲቸር ዘሃራ አሁንም ቆመዋል። እሳቸው ቆመው እኔ ተቀምጬ የማውቀው በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለምን?» አለ አቶ ሰናይ።

«ቲቸርን አከብራቸዋለሁ። እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። እንዳያፍሩ።»

«ና እስቲ ወዲህ» አሉኝ ቲቸር ዘሃራ። ሄድኩ። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ እግሬ የሰባት ዓመት ልጅ እግር ሆነ።

«አንደኛ ክፍል ሳለህ ሀን ገልብጠህ በአናቷ ታቆማት ነበር። ትዝ ይልሃል?»

«አዎ ቲቸር።»

«እርሳሱን ቀምቼህ እኔ ጻፍኩልህ?»

«አይ ቲቸር።»

«እጅህን ይዤ አብሬህ ጻፍኩ። ከዚያ ለቀቅኩህ። ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ እኔና አንተ እንቀራለን። ትሳሳታለህ፣ አያለሁ። ትሳሳታለህ፣ አያለሁ።» ወደ ላፕቶፑ ጠቆሙ። «አንተ ሦስት ቀን ሙሉ ማውሱን ከእጄ ወሰድክ። እኔ ቸኩለህ ነው ብዬ ታገስኩ። ለካስ አትችልም ብለህ ነው።»

«አይደለም ቲቸር...»

«ነው እንጂ! ፈተና አማና ነው ታምራት፣ አደራ ነው። የኔን አማና አንተ በላህብኝ። የምትጠላውን ሰው እንኳ እንዲህ አታደርገውም፤ ፈተና ላይ ትጥለዋለህ እንጂ። እኔን ያለፈተና አሳልፈህ፣ ሰው ፊት እንድዋሽ አቆምከኝ።»

 

አቶ ሰናይ ላፕቶፑን ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ላይ ሐዘን ነበረ። «ሪፖርት ማድረግ አለብኝ» አለ። «ሁለተኛው ዙር...» ብሎ አልጨረሰውም። ሁላችንም ጨረስነው።

«ጻፍ ልጄ፣ እውነቱን ጻፍ» አሉት ቲቸር ዘሃራ። «ግን አሁን የሻይ ሰዓት ነው። እናንተ ጠጡ፤ እኔ ፈተናዬን ልሥራ።»

የእሳቸው ፈተና ተልኳል፤ አይከፈትም። አቶ ሰናይ የማይቆጠረውን የመለማመጃ ቅጂ ከፈተላቸው። ተቀመጡ፤ ማውሱን ያዙ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አጠገቤ ቁም። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ከተትኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ቀስቷ ስታመልጣቸው ጣቶቼ የኪሴን ጨርቅ ይቧጥጣሉ። አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተውን ሊጫኑ ሲሉ «አይ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ራሳቸው አቁመው፣ ደግመው አንብበው፣ ወደ ሌላው ሄዱ። ሌሎች ስድስት ግን ሳቱ። የሳቱትን ለምን እንደሳቱ ጠየቁኝና በአፌ ብቻ ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ከሃያው አሥራ አራት አገኙ።

«አልሐምዱሊላህ። ይሄ የኔ ነው» አሉ። አቶ ሰናይ አትሞ ሰጣቸው፤ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ጅብሪልን በር ላይ አገኘሁት። የበዓል ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አድርጓል። ይሳደባል ብዬ ነበር፤ ቢሳደብ በወደድኩ።

«አንተ አንዲት እናት አከበርክ» አለኝ። «እኛስ ካርቶኑን መቼ እንከፍታለን?»

ለማያውቀው ሰው ሰላምታ እንደሚሰጥ ራሱን ዝቅ አድርጎልኝ ሄደ።

የድርጅቱ ደብዳቤ ከወር በኋላ ደረሰ። ሁለተኛው ዙር «ለጊዜው» ተይዟል ይላል። ያ ለጊዜው ይኸው እስከ ዛሬ አላበቃም። እኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። እውነት ተናገርኩና ገንዘቡ ተመለሰ ብዬ ልነግራችሁ በወደድኩ፤ አልተመለሰም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓርብ ቲቸር ዘሃራ ጠሩኝ። «ነገ ድሬ ጠያራ እንሄዳለን» አሉ። አማከሩኝ እንዳይመስላችሁ፣ ነገሩኝ። ቅዳሜ ሄድን። ጅብሪል በሩን ከፈተልን፤ ካርቶኖቹንም ከፈትናቸው። ከስምንቱ ላፕቶፖች ሦስቱ ከመቀመጥ ብዛት ባትሪያቸው ሞቷል። በአምስቱ ጀመርን። ቲቸር ዘሃራ ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ እያነበቡ፣ የሚያውቁትን ያሳያሉ፤ የማያውቁት ላይ ሲደርሱ ይጠሩኛል። የእሳቸው ዝግታ ለጀማሪ ምን ያህል እንደሚመች ያኔ ነው ያየሁት። እኔ ሳስተምር ሰው አይጠይቀኝም ነበር፤ እሳቸውን ይጠይቃሉ።

ይህ ግን የስልጠናውን ቦታ አይተካም። በጎ ፈቃድ ብቻውን ይበቃል የሚሉ ሰዎች ገንዘብ አጥተው የማያውቁ ናቸው። የምንደርሰው አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ሌሎቹ ካርቶኖች እንደተዘጉ ናቸው። ኢንተርኔት የለም፤ መኪና የሌለ ቀን እንቀራለን፤ ቅዳሜዬን ሸጬዋለሁ፤ አሁንም ደክሞኛል። ጅብሪል ማውሱን በደንብ ይይዛል፤ ከእኔ ጋር ግን ከሥራ ውጭ አያወራም። እንዲያወራኝም አልለምነውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሰው የምታሰለጥኑ፣ ለአባታችሁ ስልክ የምታሳዩ፣ ለአክስታችሁ ቅጽ የምትሞሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የዘገየ ሰው እጅ ላይ ያለውን አትውሰዱ። እኔ አክብሮት ብዬ የጠራሁት ነገር ትዕግሥት ማጣት ነበር፤ ጥሩ ልብስ ስላለበስኩት ብቻ አላወቅኩትም። ቀላል ይመስላችኋል? አይደለም። እስከ ዛሬ ሰው ሲዘገይ እጄን ይበላኛል።

ባለፈው ሳምንት ሱሪዬን ይዤ መኪና ግርግር ሄድኩ፤ ልብስ ሰፊዎቹ በሲንገር መኪና መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው የሚሰፉበት የጀጎል ጎዳና ነው። የማውቀው ሰፊ ሱሪውን ገለባብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አቦ መምህር! በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ ሰፋሁልህ? ሁለቱም ኪስ ከታች ተቀደደ። ምንድነው ምትከትበት፣ ድንጋይ ነው?»

«እጄን ነው» አልኩት።